ደጃፉ የማን ነው?

«ምን አድርጌያት ይሆን የቀረችብኝ?»

እትዬ መስኮት ይህችን ጥያቄ ጧት ዐይናቸውን ገና በደንብ ሳይገልጡ ይጀምሯታል። ሻይ ሲጥዱ ያነሷታል፣ አልጋ ሲያነጥፉ ያነሷታል፣ ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ሲቀመጡም አብራቸው ትቀመጣለች። መልስ ግን የላትም። የቀሩባቸው ሰው የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው ልብስ ሰፊዋ ናቸው። እዚያው መንገድ ላይ ጥቂት ቤቶች ዝቅ ብለው ይኖራሉ፤ ሰፈሩ በሥራቸው «እትዬ መርፌ» ይላቸዋል። ጓደኛቸውን ደግሞ ከመስኮት ስለማይጠፉ «እትዬ መስኮት» ብሏቸዋል። ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ የሚያስታውስ የለም፤ ሁለቱም ግን ሲጠሩበት አቤት ይላሉ።

እትዬ መርፌ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ገቡ። እትዬ መስኮትም ብርቱካን ይዘው ሄደው ጠየቋቸው። «ስድን ከሁሉ አስቀድሜ አንቺ ቤት ነው የምመጣው» አሏቸው እትዬ መርፌ። ዳኑም። ባለ አራት እግር የብረት ምርኩዝ ተሰጥቷቸው ቤታቸው ገቡ። ወደ ታች ወደ ሱቁ ብቻቸውን እንደሚሄዱ፣ ክርና ቁልፍ ራሳቸው መርጠው እንደሚገዙ ሰው ሁሉ ይናገራል። ወደ እትዬ መስኮት ቤት ግን ዝር አላሉም።

«ያን ጊዜ ስለሰፋችልኝ ቀሚስ ጠርዝ የተናገርኩት ይሆን? ጠማማ ነው አልኳት። ጠማማ ነበራ! ግን ምን ነበረበት ዝም ብል? ጠማማ ቀሚስ ለብሶ የሞተ ሰው አለ?»

ሄዶ መጠየቅ እንዳለ አጥተውት አይደለም። ሁለት ሦስቴ ሻርፓቸውን ጣል አድርገው እስከ በሩ ደርሰው ተመልሰዋል። «አንቺን ማየት አልፈልግም» ብትለኝስ? እንዲህ ያለውን ነገር ከመስማት አለማወቁ ይሻለኛል ብለው ሻርፑን መልሰው ሰቀሉ። ብቻውን የሚኖር ሰው ክፉ ጸባዩ ይኸው ነው፤ ላልጠየቀው ጥያቄ ራሱ መልስ ይሰጥና በመልሱ ራሱ ያለቅሳል።

የእትዬ መስኮት ቤት በረንዳ የለውም፤ አጥር የለውም። በሩ ሲከፈት በቀጥታ የእግረኛ መንገዱ ላይ ያወጣል። በዚያ መንገድ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ያለውን ስፋት ከሞላ ጎደል ሁሉ ይዞ፣ የልጃቸው መኪና ቆሟል። ልጃቸው የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው። የሚኖረው ሩቅ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ መኪና ማቆሚያ በሌለው ፎቅ ላይ ሲሆን መሥሪያ ቤቱ ሌላ መኪና ስለሰጠው ይህን አሮጌውን እናቱ ደጃፍ ላይ አቆመው። እሑድ እሑድ ይመጣል። ሞተሩን ያስነሣል፣ ጥቂት ያጓራዋል፣ ያጠፋዋል፤ ከዚያም ወደ ቤት ብቅ ብሎ እንደ ቆመ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣና «እማዬ፣ ደህና ሁኚ» ብሎ ይሄዳል።

እትዬ መስኮት ይህን መኪና እንደ ዐይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቁት። እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር ታኮ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። መስተዋቱን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉታል። ከሁሉም ይበልጥ የሚወዱት ባትሪውን ነው። ባትሪው ደካማ ነው፤ ሳምንት ካለፈው ይወርዳል። ጠንካራ ባትሪ ቢሆን ኖሮ እሑድ እሑድ ማን ይመጣ ነበር? አንዳንዴ ኮፈኑን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «አይዞህ፣ እንዲሁ ደካማ ሁንልኝ» ይሉታል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት ቦርሳቸውን እየጎተቱ መጡ። መኪናው ጋ ሲደርሱ እንደ ወትሯቸው ተራ በተራ ወደ አስፋልቱ ዘለው ወረዱ። ከኋላ አንድ ታክሲ እየበረረ መጥቶ ጥሩምባውን አንባረቀው፤ መጨረሻ ላይ የነበረችው ትንሿ ልጅ ደንግጣ የውሃ ዕቃዋን ጣለች።

እትዬ መስኮት ከወገባቸው በላይ በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«አንተ! አዎ፣ አንተን ነው! ዐይን የለህም? የሰው ልጆች መሆናቸው አይታይህም?»

«አስፋልት ላይ የሚሄዱት እኮ እነሱ ናቸው፣ እማማ!» አለ ሹፌሩ ሳይቆም።

«ቀስ ብትል ምን ይቀርብሃል! የት ልትደርስ ነው!»

ከመንገዱ ማዶ ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ። ከተማ ቢፈርስ እንኳ ሳይቀልድ የማያልፍ ሰው ነው።

«እትዬ መስኮት! ዛሬ ደግሞ ማን ተገሠጸ?»

«አንተ ዝም ብለህ ጸጉርህን ቁረጥ!»

«የእኔማ አልቋል» አለ ራሰ በራውን እየዳሰሰ። «የሰው ነው የቀረኝ።»

ይህን ጊዜ ከመስኮቱ ሥር የሴት ድምፅ ተሰማ። «እንደምን ዋሉ፣ እማማ? ልክ ብለዋል። ሹፌሩ ቀስ ማለት ነበረበት።»

እትዬ መስኮት ጎንበስ ብለው ቢያዩ አንዲት ወጣት ሰማያዊ የደንብ ልብስ ለብሳ፣ የትንሿን ልጅ የውሃ ዕቃ ከአስፋልቱ አንሥታ በመሐረቧ እየጠረገች ቆማለች። ዕቃውን ለልጅቷ ሰጠቻትና እጇን ይዛ ወደ ጓደኞቿ አደረሰቻት፤ ተመልሳም መጣች። የሰፈሩ አዲስ ደንብ አስከባሪ ነበረች። ተምራ፣ ሠልጥና፣ ከወር በፊት ነው ከታችኛው ጥግ ሥራዋን የጀመረችው።

«አየሽ ልጄ፣ እንዳንቺ ያለ ሰው ሲገኝ ጥሩ ነው» አሉ እትዬ መስኮት ደስ ብሏቸው። «እኔ እኮ በየቀኑ ነው የምጮኸው። ልቤ ሊፈነዳ ነው። አንድ ቀን አንዱን ሕፃን እዚሁ ዐይኔ ሥር ይጨፈልቁታል እያልኩ ምግብ አይዋጥልኝም።»

«ይገባኛል። ግን እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጆቹ ለምን ይመስልዎታል አስፋልት ላይ የሚወርዱት?»

«ልጆች አይደሉ? ልጅ ምን ያውቃል?»

«በእግረኛ መንገድ መሄድ እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ትምህርት ቤታቸው ድረስ ሄጄ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። የሚሄዱበት መንገድ ቢያገኙ ደስ ባላቸው።» ወጣቷ ዞር ብላ መዳፏን መኪናው ላይ አሳረፈች። «ይህ የማን ነው?»

የእትዬ መስኮት ፊት ወዲያው ተለዋወጠ።

«የልጄ ነው። ምን አደረገ? ደጃፌ ላይ ነው ያቆመው። በሰው ደጃፍ አላቆመም።»

«ደጃፍዎ ነው፤ አልካድኩም። ግን እማማ፣ ደጅ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ኧረ ይቺ ልጅ! ደጅ ደጅ ነዋ!»

«አንድ ሰው ቤቱን ለቆ ሲሄድ “ደጅ ወጣ” እንላለን አይደል? ቤቱ የእርስዎ ነው፤ በሩም የእርስዎ ነው። ደጁ ግን የወጣ ሰው ሁሉ ነው። የእርስዎ ብቻ ቢሆን ኖሮማ “ወጣ” አይባልም፤ ገና ቤት ውስጥ ነው ይባል ነበር።»

እትዬ መስኮት ዕድሜያቸውን ሙሉ «ደጃፌ፣ ደጃፌ» ሲሉ ኖረው ቃሉን እንዲህ ገልብጦ ያሳያቸው ሰው አልነበረም።

«ምላስሽስ ምላጭ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለዚያ ለጸጉር አስተካካይ አበድሪው፤ የእሱ ደንዟል።»

«እሰማለሁ እኮ!» አለ ጸጉር አስተካካዩ ከማዶ።

«ይሰማ! ይልቅ የእሱ ደንበኞች የት እንደሚያቆሙ አትጠይቂውም? እዚያ ማዶ ያለውን ነጩን መኪና አላየሽም? ድሃና አሮጊት ላይ ብቻ ነው ደንብ የሚበረታው?»

«ነጩንም አይቻለሁ፤ ቀጥዬ እዚያ ነኝ። ከታችኛው ጥግ ጀምሬ ቤት ሳልመርጥ ነው የመጣሁት። የዳቦ ቤቱን የጭነት መኪና አስነሥቻለሁ፣ የሐኪሙንም አስነሥቻለሁ። የሐኪሙ ሚስት ለሦስት ቀን ሰላምታ ከለከለችኝ፤ በአራተኛው ቀን የልጇን ጋሪ እየገፋች በዚያው በተለቀቀው መንገድ መጣችና ሳቀችልኝ።»

«ታዲያ መኪና ያለው ሰው የት ያቁመው? ራሱ ላይ ይሸከመው?»

«የሰፈሩ ማኅበር ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ አስጠርጎ ጠባቂ ቀጥሮበታል። ቀንም ሌትም ሰው አለው፤ ከዚህ ይልቅ እዚያ ነው የሚጠበቀው።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል ያስፈልጋል። ወጣቷ ክርክሩን በሙሉ አሸንፋለች። ቃሉንም፣ ፍትሑንም፣ ቦታውንም አስረድታለች። ነገር ግን ሰው የሚሟገትበት ምክንያትና እውነተኛው ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የሚሟገትበት ሲያልቅበት ነው ያኛው ቀስ ብሎ የሚወጣው። እትዬ መስኮት የመስኮቱን ደፍ በጣታቸው እየፋቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይገባኛል፤ ደንቆሮ አይደለሁም። ግን መኪናው እዚያ ከሄደ ልጄም እዚያው ሄዶ አስነሥቶት ይመለሳላ። እዚህ ድረስ ምን ብሎ ይመጣል?»

ደንብ አስከባሪዋ ባርኔጣዋን አውልቃ በእጇ አዟዟረችው።

«እውነት ነው፣ እማማ» አለች። «ደንቡ ውስጥ ስለ ልጅ የተጻፈ ነገር የለም።»

«አየሽ!»

«ደንቡን ግን መሻር አልችልም። ዛሬ ማስጠንቀቂያ ነው የምነግርዎት፤ የሚመጣው ሰኞ መኪናው እዚህ ካለ የማኅበሩ ጎታች መኪና መጥቶ ይወስደዋል።» ከዚያ ልትሄድ ብላ ቆም አለች። «ብቻ ይህን በየቀኑ ስለማየው ልንገርዎት። እዚያ ታች ምርኩዝ የያዙ አንዲት ልብስ ሰፊ አሉ። የታችኛው ጥግ ከተለቀቀ ወዲህ ሱቅ ብቻቸውን ይሄዳሉ። ወደ ላይም ይመጣሉ፤ ግን እዚህ ከእርስዎ መኪና ኋላ ያለችው የመብራት ምሰሶ ጋ ይደርሱና ጥቂት ቆመው ይመለሳሉ። “ወዴት ነበር?” ብዬ ጠየቅኳቸው። “የትም፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው” አሉኝ።»

«መርፌ?» አሉ እትዬ መስኮት። «መርፌ ናት እዚህ ድረስ የምትመጣው?»

«ስማቸውን አልጠየቅኩም።»

«እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እዚህ ነኝ! እንዴት አላየኋትም?»

ወጣቷ ዐይኗን ወደ መኪናው መለሰች። እትዬ መስኮት አንገታቸውን ወደ ምሰሶው በኩል አሰገጉ። የሚታያቸው የመኪናው ጣሪያ፣ የመኪናው ጀርባ፣ የመኪናው መስተዋት ነበር። ያ በየጧቱ የሚወለውሉት መስተዋት።

ሻርፓቸውን ጣል አድርገው ወጡ። በዚህ ጊዜ ከበሩ አልተመለሱም።

«ክንድሽን ስጪኝ» አሏት።

በግድግዳውና በመኪናው መካከል ያለው ክፍተት ለቀጭን ሰው እንኳ ጎን ማዞር የሚጠይቅ ነው። የመኪናው የጎን መስተዋት የእትዬ መስኮትን ሻርፕ ያዘው። ወደ ኋላ ሲመለሱ የቀራቸው አስፋልት ብቻ ሆነ። ጠርዙ ከፍ ያለ ነው፤ ጉልበታቸው ሲታጠፍ ቋ አለ። ገና ሁለቱም እግሮቻቸው አስፋልቱን እንደረገጡ አሸዋ የጫነ መኪና በአጠገባቸው አለፈ፤ ነፋሱ ቀሚሳቸውን አጥፎት የወጣቷን ክንድ ጭምድድ አድርገው ያዙ።

«ልጆቹ በየቀኑ በዚህ ነው የሚያልፉት?» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ።

«በየቀኑ።»

«እኔ ደግሞ ሹፌሩን ነው የምሰድበው።»

«ሹፌሩም አላጠፋም አይባልም» አለች ወጣቷ በትሕትና። «ግን እሱ ያልፋል። መኪናው ይቆማል።»

ከምሰሶው ወዲያ መንገዱ ተለቋል። እትዬ መስኮት ገረማቸው። ሰው ጎን ለጎን እያወራ ይሄዳል፤ አንድ ዐይነ ስውር በትሩን ከግድግዳው ሥር መታ መታ እያደረገ ማንንም ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሁለት ሴቶች ቆመው ይሳሳቃሉ። ይህ ሁሉ ከቤታቸው ጥቂት እርምጃ ላይ ሲሆን እሳቸው ጋ አንድም አልደረሰም። ሰዉ ገና ምሰሶው ጋ ሳይደርስ መንገዱን ይሻገራል። ለካ ወደ መስኮታቸው የሚመጣው ሰው የቀነሰው ዘመኑ ስለከፋ አልነበረም።

እትዬ መርፌ በስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው የሱሪ እግር ያሳጥሩ ነበር። ክፍሉ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተሞልቷል፤ ምርኩዙ እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ቆሟል። ቀና ሲሉ ሁለት ሰው በር ላይ አዩ። ፔዳሉን የሚረግጠው ደህናው እግራቸው ቀጥ አለ።

«ጠርዙ ነው?» አሉ እትዬ መስኮት፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ።

«የቱ ጠርዝ?»

«የቀሚሱ! ጠማማ ነው ያልኩሽ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ደህና ነሽ? እሱማ ጠማማ ነበር። መነጽሬን ረስቼ ነው የሰፋሁት።»

«ታዲያ ለምን ቀረሽብኝ?»

እትዬ መርፌ ሱሪውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ደግሞ ፈቱት። ደንብ አስከባሪዋን አዩና ዐይናቸውን ወደ ምርኩዙ መለሱ።

«በምን በኩል ልለፍ? ይኸ ብረት እንደ በሬ ቀንድ ሰፊ ነው፤ በግድግዳሽና በመኪናው መሀል አይገባም። አስፋልት ልውረድ ብል ደግሞ እግሬ ይከዳኛል።»

«“ልጅሽ መኪናውን ያንሣልኝ” ማለት ነበራ!»

«እንዴት ብዬ?» አሉ እትዬ መርፌ። «ልጅሽን የምታዪው በመኪናው ሰበብ አይደል? እኔ በየቀኑ ብመጣ እሱን እተካልሻለሁ? ለራሴ ሻይ ስል ልጅሽን ላስቀርብሽ? ይሉኝታ ያዘኝ። እስከ ምሰሶው እመጣና የመስኮትሽን መጋረጃ አይቼ እመለሳለሁ። ተከፍቶ ሳየው “ዛሬም ደህና ናት” እላለሁ።»

እትዬ መስኮት ባገኙት በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። በርጩማው ላይ የነበረው መርፌ መሰኪያ ወጋቸውና «ወይኔ!» ብለው ተነሡ። እትዬ መርፌ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ወዲያው ሁለቱም ሲስቁ፣ ሲያለቅሱም፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳይለይ ጥቂት ቆዩ።

ደንብ አስከባሪዋ ፊቷን ወደ በሩ መልሳ ጠበቀቻቸው። ጸጥ ሲሉ እንዲህ አለች።

«እናቶቼ፣ ድፍረት አይሁንብኝና አንድ ነገር ልናገር። ሰዎች ደንብ የሚወጣው ክፉ ጎረቤትን ለመቅጣት ይመስላቸዋል። እኔም ትምህርት ላይ ሳለሁ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። እዚህ ሰፈር መጥቼ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ክፉ ጎረቤትንማ ሰው አያፍረውም፤ ይሰድበዋል፣ ይጮኽበታል። ሰው መናገር የሚያቅተው ለደጉ ጎረቤቱ ነው። “ምን ትለኝ ይሆን? ቅር ይላት ይሆን?” እያለ ይቀመጣል። አንዷ እዚያ፣ አንዷ እዚህ፣ ተሳስባችሁ ብቻችሁን ቀራችሁ። ደንብ ያስፈለገው ለዚህ ነው። እናንተ ለመናገር ያፈራችሁትን እሱ ይናገርላችኋል። ደንብ ይሉኝታ የለውም።»

«ይሉኝታ ቢስ ነኝ ነው የምትይን?» አሉ እትዬ መርፌ ዐይናቸውን እየጠረጉ።

«በሥራ ሰዓት፣ አዎ።»

«እሺ ይሉኝታ ቢሷ» አሉ እትዬ መስኮት። «ሰኞ ጎታችሽን አታምጪ። ለልጄ እኔው እነግረዋለሁ።» ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ጠንካራ ነበር። እሑድን ግን እንዲህ ፈርተውት አያውቁም ነበር።

እሑድ ደረሰ። ልጃቸው መጣ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ አጓራው፣ አጠፋው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ።

«እማዬ፣ ዛሬ በአንድ ጊዜ ተነሣ እኮ። ይገርምሻል።»

«ቁጭ በል።»

«እቸኩላለሁ፤ አንድ ፎቅ ላይ ሰው ሊፍት ውስጥ...»

«ዛሬ ቁጭ በል አልኩህ።»

ተቀመጠ። ሻይ ቀዱለት። ከዚያም የሆነውን ሁሉ ነገሩት፦ ሕፃናቱን፣ ምሰሶውን፣ የእትዬ መርፌን ምርኩዝ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ቦታ። ልጃቸው ሻዩን ሳይጠጣ ሰማና ፈገግ አለ። የመስማማት ፈገግታ ግን አልነበረም።

«ይህ ሁሉ ለአንድ ምርኩዝ ነው? የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያቆማል፣ እማዬ። የዚያችን ልጅ ስልክ ስጪኝ፤ እኔ አነጋግራታለሁ። ቅጣት ካለም እከፍላለሁ።»

«ቅጣቱን ስትከፍል መንገዱ ይከፈታል?»

«አይ፣ እሱማ...»

«አንተ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው? ታውቂው የለ።»

«ልጠይቅህና መልስልኝ። ሊፍቱን የምትጠግነው ለማን ነው? ደረጃ መውጣት ለሚችል ነው? እትዬ መርፌን ለመሰለች ሰው አይደለም? እስከ ላይኛው ፎቅ ታወጣታለህ፤ እዚህ ታች ግን መሬት ላይ እንዳትሄድ ዘግተህባታል። እሷ ብቻ አይደለችም። ዐይነ ስውሩ አለ። ጋሪ የምትገፋው አለች። ያቺ የውሃ ዕቃዋን የጣለችው ልጅ አለች፤ እሷን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። መንገዱ ሲለቀቅ ሕፃኑ ከአስፋልት ይወጣል፣ ሹፌሩ ከጭንቀት ይወጣል፣ ሰው ከሰው ይገናኛል፣ ቤቴም ብርሃን ያገኛል። ደግሞስ እኔ ራሴ አንድ ቀን ብወድቅ፣ አልጋ የሚሸከሙት ሰዎች በየት በኩል ያወጡኛል? በመስኮት?»

ልጃቸው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እኔ ለአንቺው ብዬ ነው እኮ እዚህ ያቆምኩት» አለ፤ አሁን ድምፁ ተለውጧል። «ብቻሽን ነሽ። መኪና በር ላይ ሲቆም ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል።»

«ቤቱ እኮ ሰው አለበት» አሉ እናቱ። «እኔ አለሁበት።»

ከውጭ የጸጉር አስተካካዩ ድምፅ ይሰማል፤ ነጩን መኪና የሚያንቀሳቅስ ደንበኛውን፣ «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ! ኧረ ጸጉርህ እንኳ ካንተ ይሻላል፣ ሲይዙት ይታዘዛል!» እያለ ያሾፍበታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እትዬ መስኮት በሳቁ ነበር። አሁን ግን ልጃቸውን ነበር የሚያዩት። የጸጉሩ ሽበት አዲስ ነው፤ እሑድ እሑድ ቆሞ ሻይ ሲጠጣ አልታያቸውም ነበር። በቅርብ ተቀምጦ ያዩት ዛሬ ነው።

ለጎረቤት መንገድ መልቀቅ እንደሚገባ፣ ደጅ የወጣ ሰው ሁሉ እንደሆነ፣ ልጆች በሰላም መሄድ እንዳለባቸው እትዬ መስኮት አምነዋል። ያመኑትንም ተናግረዋል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ማንም ደንብ አስከባሪ የማያስከብረው ነገር ነው። እሱንም ቢሆን በይሉኝታ ውጠው ማስቀረት አልፈለጉም፤ ሲውጡት የኖሩት ይበቃል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ። «ከዚህ በፊት ጠይቄህ አላውቅም። መኪናው ባይኖር ኖሮ ትመጣ ነበር?»

ልጃቸው ቀና አለ። አፉ ተንቀሳቀሰ።

«አሁን አትመልስልኝ» አሉ ቶሎ ብለው፣ እጃቸውን አንሥተው። «የሚመጣው እሑድ መጥተህ ንገረኝ።»

ልጃቸው ተቀምጦ ወለሉን አየ። ከዚያ የቀዘቀዘውን ሻይ አነሣና እስከ ጭላጩ ጠጣው። ብርጭቆውን ራሱ ወስዶ አለቀለቀው፤ ገልብጦ አስቀመጠው። እጁን ሱሪው ላይ አደረቀ። በእናቱ አጠገብ ሲያልፍ ትንሽ ዘገየ፤ በሩን ከፍቶ ወጣና ከመኪናው ጎማ ሥር ታኮውን አወጣ።